ትልቅ ፓምፕ ከመግዛትህ በፊት፦ ሊማሊሞ ላይ ለሚንተፋተፈው ሃይሉክስ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ስር «ዋልብሮ (ትልቁን የነዳጅ ፓምፕ) አስገባና ተገላገል» የሚል መልስ ሲደረደር አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ቡናህን እየጠጣህ አንብበው።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ጠያቂያችን የ22አር ካርቡሬተር ሞተር የነበረው አሮጌ ሃይሉክስ አለው። ሞተሩን አውጥቶ 3አርዜድ ኢንጀክሽን (ነዳጁ በግፊት የሚረጭበት ሞተር) አስገባበት። የድሮው የነዳጅ ታንከር ከላይ ተቀዶ፣ ክዳን ተሠርቶለት፣ ውስጡ የኤሌክትሪክ ነዳጅ ፓምፕ ተገጠመ። ጎንደር ከተማ ውስጥ መኪናው ምንም አይለውም። ጭኖ ከዛሪማ ወደ ደባርቅ ሲወጣ ግን ይንተፋተፋል፣ ነዳጁ ሩብ ሲደርስ ደግሞ ይብስበታል። ከመተማ ሲመለስም ሙቀቱ ላይ እንዲሁ ያደርገዋል። መካኒኩ «ፓምፑ አንሶታል፣ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋውን አስገባ» ብሎታል።

እኔ ግን ለጊዜው ብርህን ያዝ ነው የምልህ። እስቲ ሂሳቡን እንየው። 3አርዜድ 150 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያለው ሞተር ነው። የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት ሩብ ኪሎ የማይሞላ ነዳጅ ይበላል። ስታባዛው 34 ኪሎ ገደማ ይመጣል፣ በሊትር 45 አካባቢ መሆኑ ነው። ያውም እግርህ ወለል ነክቶ ለአንድ ሰዓት ሳይነሳ። ለዚህ ሞተር የተሠራ ጤነኛ ፓምፕ ይህን አቅርቦ ይተርፈዋል። 255 ሊትር ስታስገባ ትርፉ ሁሉ ሞተሩ ጋ ደርሶ በመመለሻ ቱቦ ወደ ታንከር ይመለሳል እንጂ ጉልበት አይሆንህም።

እና ለምን ይንተፋተፋል? መልሱ ግማሹ አንተው የጻፍከው ውስጥ አለ። ዳገት ላይ፣ ያውም ሩብ ታንከር ሲሆን ነው ያልከው። የካርቡሬተር መኪና ታንከር ለእንዲህ ያለ ነገር አልታሰበም። ካርቡሬተር የራሱ ትንሽ ጎድጓዳ ቤት አለው፣ እዚያ ውስጥ ነዳጅ ይጠራቀማል። ስለዚህ ከታንከሩ ለአፍታ አየር ቢስብ እንኳ ሞተሩ ሳይሰማው ያልፋል። ኢንጀክሽን ይህ የለውም። ፓምፑ አንዴ አየር ከጎረሰ ግፊቱ ወዲያው ይወድቃል፣ መኪናው ይስላል። ሊማሊሞን ስትወጣ ነዳጁ ሁሉ ወደ ታንከሩ የኋላ ግድግዳ ይሸሻል፤ ፓምፑ ወደፊት ተጠግቶ ከተተከለ ደረቅ ላይ ቀረ ማለት ነው። ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ ወደ ጎን ይዋልላል። ፓምፑን ትልቅ ብታደርገው አየሩን በፍጥነት ይስባል፣ ሌላ ምንም አይለወጥም።

ይህን ለማጣራት ሳንቲም አታወጣም። ታንከሩን ሙሉ ሙላና ያንኑ ጭነት ይዘህ ያንኑ ዳገት ውጣ። ከጠፋ ችግሩ የፓምፑ መጠን አይደለም፣ ፓምፑ የተቀመጠበት ቦታ ነው። መፍትሄው የኢንጀክሽን ሃይሉክስ ታንከር ፈልጎ መቀየር ነው፤ ውስጡ ነዳጁን ፓምፑ ዙሪያ የሚይዝ ክፍልፋይ አለው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ሰፈሩ) ሰው ካለህ አስጠይቀው። ካላገኘህ ፓምፑ ዙሪያ ከታች ትንሽ ቀዳዳ ያላት የብረት ሳጥን ይሠራል፣ የመመለሻው ነዳጅም እዚያው ሳጥን ውስጥ እንዲወድቅ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ታንከሩ ዘንበል ቢልም ፓምፑ ሁሌም እንደተነከረ ነው።

ብየዳ ካለበት ግን አደራህን። ባዶ የቤንዚን ታንከር ከሙሉው ይብሳል፣ የሚፈነዳው ጋዙ ነውና። «አጥበነዋል፣ ምንም አይል» የሚል ሰው አትመን። ታጥቦ፣ የሚበየደው ቦታ ብቻ እስኪቀር ውሃ ተሞልቶ፣ አፉም ተከፍቶ ነው የሚበየደው። ይህን ሲሰማ የሚስቅ በያጅ ካጋጠመህ ሌላ በያጅ ፈልግ።

ሙሉ ታንከር ይዞም ከተንተፋተፈ ወደ ኤሌክትሪኩ እንሂድ። እንደኔ ከሆነ ብዙው ሰው ፓምፕ የሚቀይረው ሽቦ መቀየር ሲገባው ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ማራገቢያው በርቶ፣ ቮልት መለኪያውን እፓምፑ ሶኬት ላይ አድርግ። ባትሪው 13.8 እያለ እዚያ 11.5 ካነበብክ ፓምፑ ተርቧል። ቮልቱ ሲወርድ የሚገፋው ነዳጅም አብሮ ይወርዳል። ትልቁ ፓምፕ ደግሞ የበለጠ አምፔር ይጠይቃል፣ ስለዚህ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ስትሰቅለው ቮልቱ ጭራሽ ይወርዳል፤ ሶኬቱም ይቀልጣል።

አንድ ጊዜ እንዲህ የተሠራ ክዳን ስንከፍት ያየሁትን ልንገርህ። የሶኬቱ ነጭ ፕላስቲክ በአንድ ወገን እንደ ተጠበሰ ዳቦ ቡኒ ሆኗል። ሽቦው ተራ የቤት ዓይነት ነበር፣ ልባሱ ቤንዚን ውስጥ ደርቆ ሲነካ ይሰባበራል። ፓምፑን ከቧንቧው የሚያገናኘው ጎማ ቱቦ አብጦ ለስልሷል፣ ጫን ስትለው ከጎኑ ነዳጅ ያልባል። ከስር ያለችው የመሳቢያ ወንፊት ዝገትና ጥቁር ጭቃ ለብሳ ቀለሟ አይታይም። ፓምፑ ራሱ? ደህና ነበር! ባለቤቱ ግን አዲስ ገዝቶ ይዞ መጥቷል።

ስለዚህ ከባትሪው በቀጥታ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ሳብ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ አድርግበት፣ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) አሳልፈው። ኔጌቲቩንም አትርሳ። ታንከሩ ጎማ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ዙሪያው ዝገት ነው፣ «አካሉ ይበቃዋል» አይሠራም፤ እስከ ቻሲሱ ንጹህ ብረት ድረስ የራሱን ሽቦ ስጠው። ሪሌውን የሚያዘው ግን የሞተሩ ኮምፒውተር መሆን አለበት። ከቁልፉ በቀጥታ የሚጎትቱ ኤሌክትሪሺያኖች አሉ፣ ቀላል ስለሆነላቸው ነው። የቶዮታ ኮምፒውተር ሞተሩ መዞር ሲያቆም ፓምፑን ያጠፋል። ከቁልፍ የተሳበው ግን መኪናው ተገልብጦ ቱቦው ተበጥሶም ነዳጅ መርጨቱን ይቀጥላል። ሊማሊሞ ላይ ይህን አትፈልገውም።

ቱቦው ላይም እንዲሁ። ካርቡሬተሩን የሚመግበው የድሮው ፓምፕ ግፊቱ ከግማሽ ባር በታች ነው፣ ኢንጀክሽኑ 3 ባር ገደማ ይፈልጋል። የድሮውን ጎማ በፋሼታ አጥብቆ መተው መኪና ማቃጠል ነው። ታንከር ውስጥ የሚገባው ቱቦ ደግሞ ለብቻው የተሠራ ነው፤ ከውጭ የሚያገለግለው የኢንጀክሽን ቱቦ ራሱ ነዳጅ ውስጥ ሲነከር ከውጭ በኩል ይበሰብሳል። ሻጩን «ነዳጅ ውስጥ የሚነከር» ብለህ ጠይቀው። ግራ ከተጋባ እሱ ጋ የለም።

ከዚያ የግፊት መለኪያ። ፊልትሮው አካባቢ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) አስገባው። በሚኒሞ (ቤንዚን ሳትረግጥ) ሲሠራ ከ2.3 እስከ 2.6 ባር አካባቢ፣ የሬጉሌተሩን (የነዳጁን ግፊት የሚቆጣጠረውን) የቫኪዩም ቱቦ ስትነቅል ደግሞ ከ2.7 እስከ 3 ባር ማሳየት አለበት። ዋናው ጥያቄ ዳገቱ ላይ ነው፤ መለኪያውን መስታወቱ ላይ ከውጭ አስረህ (ወደ ካቢን አታስገባው፣ ቤንዚን ነው) ሌላ ሰው እየነዳ አንተ ተመልከት። ሲንተፋተፍ መርፌዋ እየዘለለች ከወደቀች አየር ነው። ቀስ ብላ ከወረደች ቮልት፣ ፊልትሮ ወይም የደከመ ፓምፕ ነው። ንቅንቅ ካላለች ነዳጁን ተወው፣ ወደ ካንዴላና ኮይል ሂድ። መኪናው ቆሞ የሚገፋውን ለመለካት ደግሞ ዲያግኖስቲክ ሳጥኑ ውስጥ ፕላስ ቢ እና ኤፍፒ የሚሉትን በሽቦ ስታገናኝ ፓምፑ ሞተር ሳይነሳ ይሠራል። የመመለሻውን ቱቦ ጄሪካን ውስጥ ክተትና ሰዓት ያዝ። በ30 ሰከንድ 1 ሊትር ማለት በሰዓት 120 ሊትር ነው፣ ለአንተ ሞተር ከበቂ በላይ። ውጭ ሜዳ ላይ፣ ከሲጋራም ከባትሪም ራቅ ብለህ።

የመተማው ነገር ትንሽ ለየት ይላል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ መተማ ዮሐንስ 700 ሜትር አካባቢ። ጎንደር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚበላው ነዳጅም ያንሳል፣ የደከመ ፓምፕ ተሸፋፍኖ ይኖራል። ቆላ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ሞተሩ ጉልበቱን ያገኛል፣ ነዳጅም በዚያው ልክ ይጠይቃል። በዚያ ላይ ሙቀቱ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ነዳጅ ነው፣ ታንከሩ ሲጎድል ይግላል፣ የጋለ ቤንዚን ደግሞ መሳቢያው ላይ ይተናል። ከዚያ ወደ ጭልጋ ስትወጣ፣ በጋለ ነዳጅ ላይ ከፍታው ሲጨምር፣ መትነኑ ይብሳል። ሞተር ሲቀየር የጭስ ማውጫው መንገድም ስለሚቀየር ታንከሩንና ቱቦውን ታክኮ እንዳያልፍ ተኝተህ እይ፤ ካለፈ ቆርቆሮ ጋርደው። ቆላ ስትወርድ ከግማሽ ታንከር በታች አታውርደው። ትልቁን ፓምፕ እዚህ ጋ ብታስገባ ብዙ ነዳጅ ሞተሩ ቤት እየዞረ ግሎ ይመለሳል፣ ታንከሩን ጭራሽ ታሞቀዋለህ።

ነዳጁ ራሱስ ከየት ነው? ማደያ ሲደርቅ ሁላችንም መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን እንቀዳለን፣ እንወቃቀሳለን እንጂ ምርጫ የለም። ቢያንስ በጠራ ጠርሙስ ቀድተህ ትንሽ አስቀምጠው። ውሃ ካለው ከስር መስመር ሠርቶ ይለያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን በዓይን አትለየውም፣ ግን በጨርቅ ላይ ስታንጠባጥበው ቤንዚን ቶሎ ይደርቃል፣ ያኛው ቅባቱ ይቆያል። ከታንከሩ በኋላ ያለውን ፊልትሮ ከሌላው ሰው ቶሎ ቶሎ ቀይር።

ትልቅ ፓምፕ መቼ ነው የሚያስፈልገው? ነገ ቱርቦ ካስገጠምክ ወይም ቪ8 ካመጣህ። 300 ፈረስ በቱርቦ በሰዓት 110 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፣ ያኔ 255ቱ ያስኬዳል። ግን ያኔም መመለሻ ቱቦህን እይ። የ22አር መመለሻ ቀጭን ናት፣ ያን ሁሉ ነዳጅ መመለስ ሲያቅታት ግፊቱ ሬጉሌተሩን አልፎ ይወጣል፣ ሞተሩም ነዳጅ በዝቶበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። «ፓምፕ ቀይሬ ባሰበት» የሚሉት ይህ ይሆናል። ስትገዛም ፎርጅዱ ብዙ ነው። ከመግጠምህ በፊት ቅድም ባልኩህ መንገድ ለካው፣ ነዳጅ ሳይኖር ግን አታስነሳው፣ ቶሎ ይበላሻል።

አሁን የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሃይሉክስ እንደ ልጅ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ በደንብ ሥራው። መጀመሪያ ሙሉ ታንከሩን ሞክርና ቮልቱን ለክተህ ቁጥሩን ጻፍልን። ክዳኑን ካስከፈትክ ፎቶ ላክ፣ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከስር ያለውን ቱቦና ወንፊቱንም፤ ፓምፑ በታንከሩ በየት በኩል እንደተተከለም በእጅህ እያመለከትክ አንሳው።