ለሁለተኛው ተናጋሪ

ባለፈው ሰሞን አንዲት ወጣት ነርስ ጥያቄ ላከችልኝ። ልታገባው ያሰበችው ልጅ ሥራ ያለው፣ ጠባዩ የተመሰገነ ነው። ቤተሰቧም ይወደው ነበር፤ የሴት አያቱ ሸክላ ሠሪ እንደ ነበሩ እስኪሰማ ድረስ። ከዚያ ወዲያ አባቷ "አጥንቱ ጥሩ አይደለም" ብለው ሽማግሌ አልቀበልም አሉ። "ሲስተር፣ ለአባቴ ምን ልበላቸው? ልናገር ወይስ ዝም ብዬ ልተወው?" ትለኛለች።

መልስ ልጽፍላት ስቀመጥ ደምቢያ መጣብኝ። ስለዚህ መልሱን ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለእናንተ ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ፤ ረዘም ቢልም ታገሡኝ።

ከጎንደር ጤና ትምህርት ቤት የወጣሁት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ያ ትምህርት ቤት በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ገብታ 7,000 የሚያህል ሰው ጨርሳለች። መምህሮቻችን ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። የጤና መኮንኑ፣ የነርሱና የሳኒቴሪያኑ (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው) ተማሪ አንድ ላይ ገጠር ወጥቶ፣ አንድ ቤት አድሮ፣ አንድ ማዕድ በልቶ ነበር የሚሠለጥነው። የዛሬ ተመራቂ ብዙ ያውቃል፤ የሰው ደጃፍ ላይ መቀመጥ ግን አያውቅም። ብቻ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው።

የተመደብኩት ከጣና በስተሰሜን፣ እዚያው ደምቢያ ውስጥ ካለ ጤና ጣቢያ ነው። ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ገበሬው ንዳድ የሚላት ያቺው ወባ ትነሣለች። በዚያ ወራት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰባት ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ በቃሬዛ አመጡ። ሰውነቱ እንደ እሳት ይፋጃል፣ ዓይኑ ተገልብጧል፣ በየመካከሉ ያንዘፈዝፈዋል። ጭስ ጭስ ይሸታል። ቤት ውስጥ አቆይተው ሲያጥኑት፣ ጤና አዳምና ግዜዋ አሽተው በአፍንጫው ሲያደርጉለት ከርመዋል። "ቡዳ በልቶት ነው" አለችኝ እናቱ። ትኩሳቱ ሲያስለፈልፈው "ማን ነህ? ከየት አገኘኸው?" እያሉ ጠይቀውታል፤ እሱም የአንዲት ሴት ስም ጠራ አሉ።

ስሟን የጠራው ሴት ከመንደሩ ዳር፣ ወንዙ አጠገብ የምትኖር ቤተ እስራኤል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ፣ እንስራው የእሷ እጅ ነው። ገበያ ላይ ከእሷ ያልገዛ ቤት አልነበረም። ገንዘቡን ግን በእጇ አይሰጧትም፤ መሬት ላይ ያስቀምጡላታል። "ማታ ማታ ጅብ ትሆናለች" ይላሉ። ልጁን ወደ እኔ ከማምጣታቸው በፊት እሷን ጎትተው አምጥተው "ተራመጂው፣ እንትፍ በይበት" ብለዋታል። ተራምዳዋለች። ምን ታድርግ?

ከጣቱ ደም ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁ። ወባ ነበር፣ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ። ኩዊኒኑን በግሉኮስ አድርጌ ማንጠልጠል ጀመርኩ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ድሬሰር (ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ የጤና ረዳት) ነበሩ፤ ከጣሊያን ወዲህ መርፌ የያዙ፣ ሕፃን ሲያለቅስ በሰፈሩ ዘዬ እያባበሉ የደም ሥር የማይስቱ ሰው። ጋሼ እላቸው ነበር። ያን ልጅ ተራ በተራ ነው ያደርንበት። በመጨረሻ ዓይኑን ገለጠና ውሃ ጠየቀ። እናቱ እግሬ ላይ ወደቀች። ከእግሬ ቀና ስትል ምን አለች መሰላችሁ? "ለቀቀችው!"

በዚያን ጊዜ ማስረጃ ያሸንፋል ብዬ አምን ነበር። አባትየውን ጠርቼ በማይክሮስኮፑ እንዲያይ አደረግሁ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። አላሾፈብኝም፤ አስተዋይ ገበሬ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ "እሺ ሲስተር፣ ወባው ይኸው ነው። ወባውን የላከው ግን ማነው?" አለኝ። ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላም ብዙ አስቤበታለሁ። የሰው ጥላቻ ሁልጊዜ ከአለማወቅ አይመጣም። ትክክለኛውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰውም ለጥላቻው አዲስ ቦታ ያገኝለታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ በጊዜው ልማድ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ አንሥቶ መፈክር አሰማ፤ ስለ ሰፊው ሕዝብ እኩልነት ተናገረ። ቀጥሎ የተነሣው አጀንዳ ሸክላ ሠሪዋ ከነቤተሰቧ ከቀበሌው ትውጣ የሚል ነበር። እጄን አወጣሁ። ስለ ወባ ተናገርኩ፣ ስለ ትንኟ ተናገርኩ፤ ከዚያም ሴትዮዋ ማንንም አልበላችም፣ የምትበሉበትን ዕቃ የሠራች ሴት ናት፣ ይህ ግፍ ነው አልኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ግን ተናገርኩ። ስጨርስ ጸጥ አለ። ድሬሰሩን አየኋቸው፤ መሬቱን በዘንጋቸው ይጭራሉ። ቄሱ ራቅ ብለው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪው፣ በየማታው ፊደል ከማስቆጠር ጋር ስለ ጎጂ ልማድ የሚያስተምረው ልጅ፣ ደብተሩን ይገልጣል። ሊቀ መንበሩ ጥቂት ጠበቀና "ሲስተር እንግዳ ናት፣ ያገሩን አታውቅም" አለ። በቃ። አንድ ሰው ብቻ ተነሥቶ "እሷ ያለችው እውነት ነው" ቢል ኖሮ እንግዳ የሚለው ቃል ባልሠራ ነበር። ሌላው ሁሉ ያገሩ ልጅ ነበርና።

ያን ማታ ድሬሰሩ በጣሳ ወተት ይዘው መጡ። "ልጄ፣ ያልሽው ልክ ነው። እኔም አውቀዋለሁ" አሉኝ። ስብሰባው ላይ ቢሉኝ፣ ወይም ጭራሽ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። እኚህን ሰው እስከ ዛሬ እወዳቸዋለሁ፣ አክብሬያቸውም ኖሬያለሁ፤ ሙያዬን ግማሹን ከእሳቸው ነው የተማርኩት። ግን ያ ወተት አልወረደልኝም።

ሴትዮዋም ጨለም ሲል መጣች፤ ለልጇ የትኩሳት ክኒን ልትወስድ። እጄን ሳትነካ ነጠላዋን ዘርግታ ተቀበለችኝ። ቤተ እስራኤሎች ከሌላው ሰው ጋር እንዳይነካኩ የሚያዝ የራሳቸው የመንጻት ሥርዓት ነበራቸው፤ ሰፈርተኛውም "አትንኩኝ" እያለ ይጠራቸው ነበር። ይህን ዛሬ ድረስ "እነሱም እኮ ይጸየፉን ነበር" ብሎ ማስተባበያ የሚያደርገው አለ። አይመዛዘንም። እነሱ በሥርዓታቸው ራሳቸውን ጠበቁ እንጂ፣ ሰው በላ ብለው ጎረቤታቸውን ከመንደር አላስወጡም። ክኒኑን ነጠላዋ ጫፍ ላይ እየቋጠረች "ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ከእንግዲህ ብቻሽን ስለ እኔ አትናገሪ። ብቻሽን ስትናገሪ ሰዉ እኔን ነው የሚያየኝ" አለችኝ።

ከዚያ ሳይቆይ ወጡ። ወዴት እንደ ሄዱ አላወቅሁም። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተ እስራኤሎች እስራኤል ለመግባት በሌሊት በእግራቸው ወደ ሱዳን ይሄዱ ነበር፤ በመንገድና በመጠለያው በረሃብና በበሽታ 4,000 ያህል ሰው አልቋል፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። የእሷ ቤተሰብ ከእነዚያ ይሁን አይሁን፣ ያ መታሰቢያ በተነሣ ቁጥር የምትታየኝ እሷ ናት።

የሚቆጨኝ መናገሬ አይደለም። ዛሬም እዚያ ስብሰባ ብቀመጥ እጄን አወጣለሁ። የሚቆጨኝ ያ ሁለተኛ ሰው አለመነሣቱ ነው። የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ቢያንስ ሦስቱ ያውቁ ነበር። እያንዳንዳቸው ሌላው እስኪጀምር ጠበቁ። እኔ ጀምሬላቸውም አልተነሡም።

ለእናንተ ስለ ፍትሕ ሲነገር ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ተናጋሪ ያሳዩአችኋል። ደፋር ሁኑ፣ ብቻችሁንም ቢሆን ቁሙ ይሏችኋል። እኔ ግን ብቻውን የቆመ ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፤ እንግዳ ይባላል፣ እብድ ይባላል፣ ፈረንጅ ያበላሸው ይባላል። ሁለተኛው ሲነሣ ነገሩ ወደ ክርክር ይለወጣል። ክርክር ከሆነ ደግሞ ሰው ወገን መምረጥ ይችላል።

ሕግስ ምን ይሠራል ትሉኝ ይሆናል። ሕጉማ ድሮም ነበር። አጼ ምኒልክ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያሉ በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ መቶ ዓመት አለፈው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስት ያልነበረውን የእጅ ባለሙያ ጨምሮ ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ መሬት የማግኘት መብት ሰጠ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። ይኸው ዛሬም በሰርግ ዋዜማ አጥንት ይቆጠራል። በከፋ ማንጆውን፣ በጉራጌ ፉጋውን ከማዕድ የሚያርቅ ልማድም አልጠፋም። አዋጅ ጓዳ አይገባም። ይህን ብልም፣ ያን ቀን በደምቢያ በእጄ የምይዘው አንድ አንቀጽ ቢኖረኝ ምንኛ በወደድኩ። ስለዚህ ሕጉን አትናቁት፤ አጥኑት።

አሁን ወደ ነርሷ ልጅ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፤ ከ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ወዲህ 18 ዓመት ለሞላው ሰው የሚያስፈልገው የሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ ነው። ይህን ግን ለአባትሽ አታንብቢላቸው። ደግሞም ቡዳ የሚባል የለም ብለሽ በሳይንስ አትጀምሪ። አባትሽ የሚፈሩት ቡዳን ሳይሆን የሰው አፍ ነው። እኔ ብሆን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ከአባትሽ ወገን አንድ ሰው እፈልጋለሁ፤ አክስት፣ አጎት፣ የንስሐ አባታቸው ቢሆኑ ደግሞ እሰየው። አንቺ ስትናገሪ "ልጅቷ ፍቅር ይዟት ነው" ይባላል። ያ ሰው በዚያው ማዕድ ላይ "እኔም እንደ እሷ አስባለሁ" ካለ አባትሽ የሚመልሱት ለዘመዳቸው ነው። እምቢ ቢሉስ? እሱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሰው ለሰው ይህን አይወስንም።

ስለ እናንተ ስለ ወጣቶቹ አንድ ነገር ልበል፣ አትቀየሙኝ። በስልካችሁ ላይ ስለ ሩቅ አገር ግፍ የምትጽፉትን አነባለሁ፤ ብዙው ከልብ ነው፣ ደስ ይለኛል። ለቅሶ ቤት ግን አብሬያችሁ ተቀምጫለሁ። አንዲት አክስት "እነ እገሌ ዘራቸው ፋቂ ነው" ስትል አንገታችሁን ትደፋላችሁ። ትልቅ ሰው ማክበር ነው ትሉኛላችሁ። ትልቅ ሰው አክብሩ፣ እኔም ያደግሁበት ነው፤ ዝም ብሎ ማስቀየምም አልወድም። ነገር ግን ያ ድሬሰርም አክባሪ ሰው ነበሩ።

ሰው ሲበዛ ምን እንደሚሆንም አይቻለሁ። በጥር 1988 ዓ.ም. እስራኤል ውስጥ አንድ ጋዜጣ ጉድ አወጣ፤ ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም ለራሳቸው ሳይነገራቸው በድብቅ ሲደፋ ኖሯል። ምክንያቱ የኤች አይ ቪ ፍርሃት ነበር። በሙያችን ደም የሚጣራው በምርመራ ነው፣ እያንዳንዱ ከረጢት ለብቻው፤ የሰጪውን ዘር በመቁጠር አይደለም። ወሬውን በሬዲዮ ስሰማ ገንዘቡን መሬት ላይ የሚያስቀምጡት እጆች ታዩኝ። ያን ጊዜ ግን ብቻውን የቀረ ተናጋሪ አልነበረም። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው፣ ሽማግሌው በነጠላ፣ ወታደሩ በደንብ ልብሱ፣ ኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጣ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፣ ሰው ተጎዳ፤ መንግሥት ግን አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ተገደደ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አልተስተካከለም፤ "እንግዳ ናቸው፣ አያውቁም" ብሎ አጀንዳውን መዝጋት ግን አልተቻለም።

ኢየሩሳሌም ድረስ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ብዙዎቻችሁ ሆስፒታል ትሠራላችሁ። በሠራተኛ ስብሰባ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን አውጥታ ጓንት እንደማይሰጣት፣ ሻይ ክፍል ገብተሽ አትቀመጪ እንደምትባል ስትናገር አይታችሁ ይሆናል። እሷ ስትናገር ሐኪሙ ስልኩን ያያል፣ ሰብሳቢው "እሺ፣ ሌላ ጥያቄ?" ይላል። ያኔ ቀጥላችሁ እጃችሁን አውጡ። አዲስ ነገር ለመናገር አትቸኩሉ። ስሟን ጠርታችሁ "እሷ ያለችው ትክክል ነው፣ መልስ ይሰጣት" በሉ፤ የራሳችሁን ከዚያ በኋላ ትጨምራላችሁ።