በረቱ የሚዘጋው ከብቱ ሲገባ ነው፦ ስለ ስትራክቸርድ ኮንከረንሲ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት «ታስክ ግሩፕ እያለ ክሬት ታስክን ለብቻው አትጥሩ» ብዬ ሁለት መስመር ብጽፍ ጥያቄ ዘነበብኝ (ሁለቱም በፓይተን ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ ማስነሻ ናቸው፤ ክሬት ታስክ ሥራውን ለብቻው ይለቀዋል፣ ታስክ ግሩፕ ሰብስቦ ይጠብቀዋል)። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። የዕለት እንጀራዬ ፓይተንና ኮትሊን የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ስለሆኑ ወደነሱ ባዘነብል ይቅርታ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ስትራክቸርድ ኮንከረንሲ ስትል ምን ማለትህ ነው? ፈረንጅኛ ሳታበዛ ንገረን።

እሞክራለሁ። እረኛ ማታ ከብቱን ቆጥሮ ሳያስገባ በረቱን አይዘጋም። ይኸው ነው። አንድ ፋንክሽን ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎችን ካስነሳ፣ ሁሉም ሳያልቁ እሱም አያልቅም። አንዱ ቢወድቅ የቀሩት እንዲያቆሙ ይነገራቸዋል፤ እስኪያቆሙ ይጠበቃል፤ ከዚያ ኤረሩ ፋንክሽኑን ወደ ጠራው ይወጣል። ሜዳ ላይ የሚያድር የለም።

ስሙን በ2016 ያወጣለት ማርቲን ሱስትሪክ ነው። ነገሩ በሰፊው የታወቀው ግን ናታንየል ስሚዝ በ2018 በጻፈው ረዥም ጽሑፍ ነው። ስሚዝ ትሪዮ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪው ውስጥ ሥራዎቹ የሚሰበሰቡበትን ብሎክ «ነርሰሪ» ብሎታል፤ መዋዕለ ሕፃናት መሆኑ ነው። ሁሉም ልጅ ሳይወሰድ ሞግዚቷ ወደ ቤቷ አትሄድም።

ጥያቄ፦ እኔ የምጽፈው ጎ በሚባለው ቋንቋ ነው። «ጎ» ብዬ ጎሩቲን (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ማስነሳቴ ምኑ ያስወቅሳል?

ስሚዝም የተነሳው ከዚሁ ነው። የኮምፒውተር ሊቁ ዳይክስትራ በ1968 ጎቱን፣ ማለትም ኮዱን ወደ ሌላ መስመር የሚያዘልለውን ትእዛዝ፣ የወቀሰበትን ደብዳቤ ሰምተህ ይሆናል። ጎቱ በሞላበት ኮድ አንድ መስመር ላይ ቆመህ ከየት እንደተመጣ አታውቅም። «ጎ» የምትለዋም ቃል ከዚያ አትሻልም ነው የስሚዝ ክርክር። አንድ ፋንክሽን ጠራህ፤ መለሰልህ። ጨርሷል? ወይስ ከጀርባ የሆነ ነገር ትቶ ነው የወጣው? ውስጡን ገብተህ ካላነበብክ አታውቅም።

ጎ የሚባለውን ቋንቋ ማጣጣሌ አይደለም። ጎሩቲኖችን የሚሰበስበውን ኤረርግሩፕ «አቁሙ» የሚለውን ምልክት ከሚያስተላልፈው ኮንቴክስት ጋር ብትጠቀም አብዛኛውን ታገኘዋለህ። ዌይት የሚለው ትእዛዙ ሁሉንም ይጠብቃል፣ የመጀመሪያውን ኤረር ይመልሳል፣ ኮንቴክስቱም ካንስል ይሆናል (ይሰረዛል)። ግን እያንዳንዱ ጎሩቲን ኮንቴክስቱን ራሱ ማየት አለበት፤ ካላየ ማንም አያስቆመው። ቋንቋው አያስገድድህም፣ ሁሉም ባንተ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በሥራ ላይ ጉድ ሠርቶህ ያውቃል ወይስ ቲዎሪ ነው?

ሠርቶኛል እንጂ! ድሮ የምሠራበት ቦታ ደንበኛ ከከፈለ በኋላ ኤስኤምኤስ ይደርሰዋል። ክፍያውን የሚመዘግበው ፋንክሽን መጨረሻው ላይ አሲንክ አይኦ በሚባለው የፓይተን ላይብረሪ «ክሬት ታስክ» ብለን መልእክቱን እንለቀዋለን። የሚመለሰውን ታስክ የትም አላስቀመጥነውም። አብዛኛውን ጊዜ ይደርሳል። አልፎ አልፎ አይደርስም። ኤረር የለም፣ ሎግ የለም፣ ጭጭ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የኤስኤምኤስ አቅራቢውን ስናማ ከረምን።

ጥፋቱ የኛው ነበር። የአሲንክ አይኦ ኢቨንት ሉፕ፣ ማለትም ሥራዎቹን ተራ በተራ የሚያስኬደው፣ ታስኮችን አጥብቆ አይዝም። ሌላ የያዘው ከሌለ ማንም ያልያዘውን ከሜሞሪ የሚያጸዳው ጋርቤጅ ኮሌክተር ታስኩን ሳያልቅ ሊጠርገው ይችላል። ይህ ዶክመንቴሽኑ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ከመካከላችን ያነበበው ግን አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ደንበኛው ኤስኤምኤሱ እስኪላክ ቆሞ ይጠብቅ?

ሁሉም ሰው እዚህ ላይ ነው የሚጣበቀው። አይጠብቅም። ግሩፑን ከፍ ያለ ቦታ ላይ ትከፍተዋለህ። ሰርቨሩ ሲነሳ አንድ ታስክ ግሩፕ ይከፈታል፤ ሰርቨሩ እስኪዘጋ ይቆያል። ክፍያ መዝጋቢው ፋንክሽን ያንን ግሩፕ ከውጭ ይቀበልና ኤስኤምኤሱን እዚያ ላይ ያስነሳዋል። ኮዱን የሚያነብ ሰው «ይሄ ፋንክሽን ግሩፕ ተቀብሏል፣ ስለዚህ ከወጣም በኋላ የሚቀጥል ሥራ ሊተው ይችላል» ብሎ ከመጀመሪያው መስመር ይረዳል። ሰርቨሩን ስትዘጋም በመንገድ ላይ ያሉ መልእክቶች ይጠበቃሉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። በግሩፕ ውስጥ አንዱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃል ብያለሁ። እኛ ይህን ረስተን በመጀመሪያው ቀን አንዲት የተበላሸች ስልክ ቁጥር ሰርቨሩን ይዛው ወረደች! ስለዚህ እንዲህ ባለ ግሩፕ ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ የራሱን ኤረር ይዞ ሎግ ላይ መጻፍ አለበት። ኮትሊን ላይ ለዚሁ ሱፐርቫይዘር ስኮፕ አለልህ፤ የአንዱ ልጅ ውድቀት ወንድሞቹን አይነካም።

ጥያቄ፦ ጋዘር (ብዙ ሥራ አንድ ላይ አስነስቶ ውጤታቸውን የሚሰበስበው የአሲንክ አይኦ ትእዛዝ) እያለ ታስክ ግሩፕ ለምን አስፈለገ?

ጋዘር ላይ አንዱ ሲወድቅ ኤረሩ ወዲያው ይደርስሃል፣ የቀሩት ግን መሮጣቸውን ይቀጥላሉ። አንተ «አልተሳካም» ብለህ የዳታቤዙን ኮኔክሽን ትዘጋለህ፤ ከሦስት ሰከንድ በኋላ የተረሳው ታስክ በተዘጋው ላይ ሊጽፍ ይመጣል። ታስክ ግሩፕ በፓይተን 3.11፣ በ2022 የገባው ይህን ሊያስቀር ነው። አብሮት ኤክሴፕሽን ግሩፕ መጣ፤ ሁለት ሥራዎች እኩል ቢወድቁ ሁለቱም ኤረሮች ተጠቅልለው ይደርሱሃል። እነሱን የምትይዘው ኮከብ ያለባት «ኤክሴፕት» መጀመሪያ ላይ ታስጠላለች። ትለምዳታለህ።

ጥያቄ፦ ካንስል እላለሁ፣ አይቆምልኝም። ሥራ ልለቅ ነው!

አትልቀቂ እህቴ። ካንስል ማለት ልመና ነው እንጂ ግድያ አይደለም። ሥራው የሚሰማሽ አዌት የሚያደርግበት (ቆሞ ሌላ ነገር የሚጠብቅበት) ቦታ ሲደርስ ብቻ ነው። በአሲንክ ፋንክሽን ውስጥ ኮዱን ለጊዜው የሚያስተኛውን ተራውን ታይም ስሊፕ ከጠራሽ እስኪነቃ ድረስ ጆሮ የለውም፤ ሌሎቹንም ይዟቸው ይተኛል።

ሁለተኛው ምክንያት ካንስሉን ራስሽ መዋጥሽ ነው። ኮትሊን ላይ «ካች ኤክሴፕሽን» ብለሽ ሁሉንም ከያዝሽ የካንስሉንም መልእክት አብረሽ ትይዢዋለሽ። ኤረርን በራሱ የሚይዘው ራንካቺንግም ያው ነው። መልሰሽ ወርውሪው። ፓይተን ከ3.8 ወዲህ የካንስሉን ኤረር ከኤክሴፕሽን ሥር ስላወጣው «ኤክሴፕት ኤክሴፕሽን» አይነካውም፤ ምንም ያልተጻፈባት ባዶዋ «ኤክሴፕት» ግን አሁንም ትውጠዋለች። መጀመሪያ እሷን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ ጃቫስ? ስዊፍትስ?

ስዊፍት ከ5.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2021 ወዲህ፣ በቋንቋው ውስጥ አለው። «አሲንክ ሌት» ብለህ ሥራ አስነስተህ ሳትጠብቀው ብትወጣ ራሱ ካንስል አድርጎ እስኪያልቅ ይጠብቅልሃል። ጃቫ ይጎተታል። ቨርቹዋል ስሬድ (በብዛት ሊነሳ የሚችል ቀላል ስሬድ) በጃቫ 21 ጸደቀ፤ የታስክ ግሩፕ አቻ የሆነው ስትራክቸርድ ታስክ ስኮፕ ግን ጃቫ 25 ላይ እንኳ ገና አምስተኛ ፕሪቪው (የሙከራ ስሪት) ነበር፣ አከፋፈቱም ተቀይሯል። ለልምምድ እንጂ ለደንበኛ ኮድ አልቸኩልም።

ጥያቄ፦ ኮዴ ይፈጥናል?

አይፈጥንም።

ጥያቄ፦ ከየት ልጀምር?

ፕሮጀክትህን ክፈትና «ክሬት ታስክ» ብለህ ፈልግ። ኮትሊን ከሆነ ሥራን ያለ ባለቤት የሚለቀውን «ግሎባል ስኮፕ» ፈልግ። በየአንዳንዱ ላይ «ይህን የሚጠብቀው ማነው? ቢወድቅ የሚሰማው ማነው?» ብለህ ጠይቅ። እኔ ስፈልግ አሥራ አንድ አገኘሁ። ለሦስቱ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። የጻፋቸውን ሰው ለማፋጠጥ የትኛውን መስመር ማን እንደጻፈ የሚያሳየውን ጊት ብሌም ብል፣ ሁለቱ የራሴ ሆነው አረፉት።