ፖስቶቻችንን በፀሐይ ከፍታ ብንለካቸው? ጥያቄና መልስ

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ፖስት የምናደርግበትን ልማድ በሰዓት ሳይሆን ፀሐይ ሰማይ ላይ ባለችበት ቦታ በግራፍ ስለማሳየት የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ሰዓት እያለ ፀሐይ ለምን አስፈለገች?

ሰዓት የሰው ስምምነት ስለሆነ ነው። ቻይና ያን ሁሉ ስፋት ይዛ በይፋ የምትጠቀመው አንድ የሰዓት ቀጠና ነው። ሁለት ሰዎች እዚያ በአንድ ሰዓት ፖስት ቢያደርጉ፣ ምሥራቅ ያለው ፀሐይ ወጥታለት፣ ምዕራብ ያለው ገና በጨለማ ሊሆን ይችላል። የሰዓት ግራፍ ይህን አያሳይም። ቀኑ በሚረዝምበት ወቅት ሰዓታቸውን ወደፊት የሚገፉ አገሮችም አሉ። እዚያ የጠዋት ፖስቶች በአንድ ሌሊት ፀሐይ ዝቅ ወዳለችበት ይወርዳሉ። ሰውነታችን የሚሰማው ደግሞ ይህን ነው።

ምን ምን መረጃ ልያዝ?

የፖስቱን ሰዓት በዩቲሲ (ዓለም በጋራ በሚጠቀምበት መነሻ ሰዓት)፣ የነበርክበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ። በቃ። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠራ ከሆነ አስትራል ወይም ስካይፊልድ የሚባሉት ዝግጁ ኮዶች የፀሐይን ከፍታ፣ ማለትም ከአድማስ ያላትን ማዕዘን፣ እና አቅጣጫዋን ያሰሉልሃል። ስለ ቦታው ብዙ አትጨነቅ፤ 50 ኪሎ ሜትር ብትስት እንኳ ከፍታው የሚዛነፈው ከግማሽ ዲግሪ በታች ነው። ጉዞ ላይ የነበርክባቸውን ቀናት ግን ለይ።

ከፍታው ብቻ አይበቃም?

አይበቃም። ፀሐይ 20 ዲግሪ ላይ ጠዋትም ትሆናለች፣ ከሰዓት በኋላም። እኔ የምወደው አሣሣል ይህ ነው፦ አግድሙ የዓመቱ ቀናት፣ ቁመቱ ፀሐይ ከፍተኛው ቦታዋ ላይ ከደረሰችበት ቅጽበት ያለው ርቀት በሰዓት። ከኋላ የፀሐይን ከፍታ በቀለም ቀቡት፣ ፖስቶቹን በላዩ በነጥብ ጣሉ። ያ ቅጽበት ራሱ ዓመቱን ሙሉ በሰዓት አንድ ቦታ አይቆምም። ከአማካዩ በኖቬምበር መጀመሪያ 16 ደቂቃ ያህል ይቀድማል፣ በፌብሩዋሪ አጋማሽ 14 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

የቀለሙ ድንበር የት የት ይሁን?

የሥነ ፈለክ ሰዎች ድንግዝግዝን ለመከፋፈል የሚጠቀሙበትን ውሰዱ፦ ከአድማስ በታች 6፣ 12 እና 18 ዲግሪ። ከ18 በታች ሙሉ ጨለማ ነው። መግቢያና መውጫዋ ዜሮ ላይ ሳይሆን ከአድማስ 0.83 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው፤ አየሩ ብርሃኗን ያጎብጠዋል፣ እኛም የምንቆጥረው የላይኛውን ጠርዟን ነው።

አብዛኛው ነጥቤ ጨለማ ውስጥ ወደቀ። የሌሊት ሰው ነኝ ማለት ነው?

አትቸኩዪ! ከምድር ወገብ ርቀሽ የምትኖሪ ከሆነ ቀኑ በሚያጥርበት ወቅት ከ24ቱ ሰዓት አብዛኛው ጨለማ ነው። ሥራ ላይ ሆነሽ የለጠፍሽውም እዚያው ይገባል። በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ የድንግዝግዙ ቀለም ቀጭን ነው፣ ነጥቡም ያንሳል። ስለዚህ በየቀለሙ ያሉትን ፖስቶች ፀሐይዋ እዚያ ለቆየችበት ሰዓት አካፍዪ። ይህን ሳያደርጉ ስለ ልማድ የሚናገሩ ግራፎችን አላምናቸውም።

የሌላ ሰውን ልሥራ?

ካልፈቀደ ተው። የሰው እንቅልፍ ያለበት ሰዓት ገሃድ ይወጣል። የራስህንም ከማውጣትህ በፊት አስብበት፤ የቦታውን ስም ብታጠፋ እንኳ የቀኑ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ የሚሠራው ኩርባ ኬክሮስህን ይናገራል። ለሕዝብ ስታወጣ የኋላ ቀለሙን አንሣው።