ሶፍትዌር ከመምረጣችሁ በፊት እስክስታ አስወርዱት

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

አኒሜሽን መጀመር የሚፈልግ ወጣት ሲያገኘኝ ጥያቄው ያው ነው። «ጋሼ፣ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ይለኛል። እኔም መልሼ «ምን ልታንቀሳቅስ ነው?» እላለሁ። ብዙዎቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይቀየራል፤ ገና አላሰቡበትማ። ምን እንደሚሰፋ ሳያውቅ የስፌት መኪና የሚያማርጥ ሰው ይመስሉኛል። እስቲ ዛሬ ነገሩን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

የማወራው ስለ አንድ ዓይነት አኒሜሽን ብቻ ነው። ከትአውት ይባላል። ገጸ ባህርዩ አንድ ጊዜ ይሳላል። ጭንቅላቱ፣ ደረቱ፣ ክንዱ፣ መዳፉ፣ ጭኑ፣ እግሩ እየተነጠለ በየራሱ ሌየር (እንደ ግልጽ ወረቀት በሚደራረብ ንብርብር) ይቀመጣል። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል በመጋጠሚያው ላይ እየዞረ ይንቀሳቀሳል። በየፍሬሙ፣ ማለትም ቪዲዮው ለሚገነባበት ለእያንዳንዱ ቋሚ ምስል፣ አዲስ ስዕል መሳል የለም። ብቻውን ለሚሠራ ሰው፣ ለልጆች ተረት፣ ለማስታወቂያ ወይም ለአጭር የዩቲዩብ ቪዲዮ ከዚህ የሚቀል መንገድ አላውቅም።

ኮምፒውተር ያመጣው ጥበብም አይደለም። ጀርመናዊቷ ሎተ ራይኒገር እ.ኤ.አ. በ1926 ሙሉ ርዝመት ያለው ፊልም ያወጣችው ጥቁር ካርቶን በመቀስ እየቆረጠች፣ መጋጠሚያውን በሽቦ እያያያዘች ነው። እናንተም ላፕቶፑን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሰው በካርቶን ቁረጡ። ክንዱን ከክርኑ ላይ ለያዩትና በክር ቋጥራችሁ አጋጥሙት። ክርኑ ሲታጠፍ ክፍተት ይፈጠራል። ያኔ የሁለቱ ቁርጥራጭ ጫፎች ለምን እኩል ክብ ሆነው መደራረብ እንዳለባቸው፣ የመዞሪያው ነጥብም ለምን የክቡ መሀል ላይ መሆን እንዳለበት ይገባችኋል። የትኛውም ሶፍትዌር ይህን አያስተካክልላችሁም። ስልክ ብቻ ያለው ልጅ ደግሞ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አንጥፎ፣ ስቶፕ ሞሽን ስቱዲዮ በሚባለው አፕ ፎቶ እያነሳ እዚያው መጀመር ይችላል።

አሁን ወደ ምርጫው።

በኢንተርኔት የምታዩት ትምህርት ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ሰው ነው የሚያሠራችሁ። ቲሸርትና ሱሪ የለበሰ፣ የሚራመድ፣ እጁን የሚያውለበልብ። በዚህ ከተመዘነ ሁሉም ሶፍትዌር ያልፋል። እናንተ ግን ሠርግ ልታሳዩ ትችላላችሁ። ያኔ ሰውየው እስክስታ ሊወርድ ነው። በተለመደው አሠራር የላይኛው ክንድ በቀጥታ ከደረት ጋር ይያያዛል፤ ትከሻ የሚባል ለብቻው የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ስለዚህ ሰውየው ሲጨፍር እጁን ብቻ ያወናጭፋል። እስክስታ ሳይሆን ዝንብ ማባረር ይሆናል። ትከሻው የራሱ አጥንት፣ ማለትም ስዕሉን ይዞ የሚያንቀሳቅስ የማይታይ ዘንግ፣ ይፈልጋል፤ ወደ ላይም ወደ ፊትም መሄድ አለበት። ደረቱ ከወገቡ መለየት አለበት፤ አንገቱም እንደዚያው። አንድን ሶፍትዌር ስትሞክሩ ይህን ሥሩበት። ከትከሻ ቀጥሎ ክንድ፣ ከክንድ ቀጥሎ መዳፍ እያላችሁ ማያያዝ ቀላል ካልሆነ፣ ሌላው ጌጡ ለእናንተ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ፈተና ነጠላ ነው። ነጠላ የለበሰች እናት ክንዷን ስታነሳ ጨርቁ አብሮ መሳብና መታጠፍ አለበት። ደርቆ የሚዞር ቁርጥራጭ ከሆነ የተቀደደ ወረቀት ይመስላል። ለዚህ ስዕሉን እንደ ላስቲክ የሚያጣምም መሣሪያ ያስፈልጋል። ኦፕንቱንዝ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ፕላስቲክ ይባላል። ሲንፊግ ላይ ስኬልተን ዲፎርሜሽን አለ። ሞሆ ላይ ደግሞ አጥንቱ ራሱ የስዕሉን ነጥቦች ይጎትታል፤ በዚህ ሞሆን የሚያህል ቀላል ነገር አላየሁም።

ከስሞቹ ጋር ላስተዋውቃችሁ። ሲንፊግ ስቱዲዮ ነጻ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ሆኗል። ቬክተር ስለሆነ፣ ማለትም ስዕሉን በነጥብና በመስመር ስሌት ስለሚይዝ፣ ፋይሉ አይከብድም። አንዳንዴ ግን ሳያስጠነቅቅ ይዘጋል፤ ቪዲዮውን አውጥቶ ለመጨረስም ቀስ ይላል። ኦፕንቱንዝም ነጻ ነው። ቱንዝ ከሚባለው የጣሊያን ሶፍትዌር የመጣ ነው፤ የጃፓኑ ጂብሊ ስቱዲዮ ሲጠቀምበት የኖረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ ተለቀቀ። አቅሙ ትልቅ ነው፤ አቀማመጡ ግን መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ታገሱት። ታሆማ ቱዲ የሚባለው የእሱ ልጅ ለጀማሪ ትንሽ ይለሰልሳል። ብሌንደር ድንቅ ነው፤ ግን ላፕቶፓችሁ የቆየ ከሆነ አዲሱ ቅጂ ጭራሽ ላይከፈት ይችላል። ክሪታና ፔንስል ቱዲ በየፍሬሙ ለሚስል ሰው ናቸው። ለመሳያ ክሪታን ውሰዱ፤ ለከትአውት ግን አትድከሙበት።

ከሚከፈልባቸው ውስጥ ቱን ቡም ሃርመኒ የትልልቅ ስቱዲዮዎች ነው። አንድ ቀን እዚያ መቀጠር የምትፈልጉ ከሆነ ማወቁ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ብቻውን ለሚሠራ ልጅ ግን አልመክርም። ሞሆ አንዴ ተከፍሎበት የራስ ይሆናል። አነስ ያለው ቅጂ ገደብ ቢኖረውም ዋጋው ቀለል ይላል፤ መሞከሪያም አለው። አዶቢ ካራክተር አኒሜተር በካሜራ ፊታችሁን እያየ ገጸ ባህርዩን ያናግረዋል። ያዝናናል፤ ለቶክ ሾው ዓይነት ነገር ይሆናል።

የገንዘቡ ነገር በግልጽ ይነገር። በየወሩ በዶላር የሚከፈል ሶፍትዌር አገር ቤት ላለ ጀማሪ አይሆንም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ያው ክፍያ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ በአገር ውስጥ የባንክ ካርድ ውጭ መክፈል ራሱ ጣጣ ነው። «አሜሪካ ያለ አጎቴ ይከፍልልኛል» የምትሉ አላችሁ። ለአንድ ጊዜ ግዢ ደግ ነው፤ በየወሩ አጎትን ማስቸገር ግን ያስጠላል። ደንበኛ አግኝታችሁ፣ ቀብድ ተቀብላችሁ፣ ሥራው ራሱ ክፍያውን የሚሸፍን ሲሆን ያኔ ይታሰብበታል።

«ክራክስ? ሳይከፈልበት የተሰበረው ቅጂስ?» የምትሉት እንደሚኖር አውቃለሁ። ሰፈሩ ሁሉ በክራክ እንደሚሠራም አውቃለሁ። ቫይረሱን ትቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ደህና ገንዘብ የሚከፍል ድርጅት ውል ሲያስፈርም የሶፍትዌሩን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል። በዚያ ቀን የምታሳዩት ነገር ይኑራችሁ። ነጻዎቹ እያሉ ለሌባ ቅጂ መዋረድ ምን አመጣው?

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው፣ ሶፍትዌር መሞቱ ነው። ፍላሽ የሚባለውን የካርቱን መሥሪያና ማጫወቻ የዛሬ ልጆች ላታውቁት ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ ለዓመታት የኢንተርኔት ካርቱን ማለት እሱ ነበር። አዶቢ ባለቤቱን ኩባንያ በ2005 ገዛ፤ በ2016 የመሥሪያውን ስም አኒሜት አለው፤ በ2020 መጨረሻ ላይ የማጫወቻው ድጋፍ ተቋረጠ። ኢንተርኔት ላይ የነበረው ስንቱ ካርቱን በአንድ ጊዜ የሚያጫውተው ብሮውዘር አጣ። ስለዚህ እያንዳንዱን የአካል ክፍል ከፕሮጀክቱ ፋይል ውጭ በኤስቪጂ (SVG) ወይም ከበስተ ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ (PNG) የስዕል ፋይል ለብቻ አስቀምጡ። ኢንክስኬፕ የሚባለው የስዕል ሶፍትዌር ነጻ ነው፤ ለዚህ ይበቃል። ነገ ሶፍትዌር ብትቀይሩ መጋጠሚያውን ነው እንደገና የምትሠሩት እንጂ ስዕሉን አይደለም። የፋይል ስሞችን በላቲን ፊደል ጻፉ፤ አንዳንዱ ሶፍትዌር አማርኛ ስም ሲያይ ይደነግጣል። ስክሪኑ ላይ የሚታየውን የአማርኛ ጽሑፍ ግን ኢንክስኬፕ ላይ ጽፋችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሩት፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይም አይጠፋም። መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አውቶሴቩን በየአምስት ደቂቃው አድርጉት።

ከንፈሩን ላነሳ። አውቶማቲክ የከንፈር ማዛመጃዎች በብዛት የተሠሩት ለእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ ስትሞክሯቸው አፉ የሆነ ነገር የሚያኝክ ይመስላል። ተስፋ አትቁረጡ፤ እኛ ዘንድ ሥራውን ፊደሉ ራሱ ያቀልልናል። ካዕብና ሳብዕ ላይ ከንፈር ይሞጠሞጣል፤ ሳብዕ ትንሽ ይከፈታል። ራብዕ ላይ አገጭ ይወርዳል። ሳልስና ኃምስ ላይ ከንፈር ወደ ጎን ይሳባል። ግዕዝና ሳድስ ላይ አፍ ገርበብ ብሎ ይቀራል። መ፣ በ፣ ፐ እና ጰ ሲመጡ መጀመሪያ አፍ ይገጠማል። ፈ ላይ የላይኛው ጥርስ የታችኛውን ከንፈር ይነካል። እንደ ኳ እና ጓ ያሉት ሞጥሙጠው ይከፈታሉ። ሰባት ስምንት የአፍ ስዕል ካላችሁ ሁሉንም ትሸፍናላችሁ። የንግግሩን ጽሑፍ አጠገባችሁ አድርጋችሁ በየፊደሉ ቀያይሩ። ለምሳሌ «ቡና ጠጡ» ሲባል፦ ግጥም፣ ሞጥሞጥ፣ ክፍት፣ ገርበብ፣ ሞጥሞጥ። በፍጥነት በሚነገር ቦታ ሳድሱን ዝለሉት፤ ማንም አያስተውልም። ስለዚህ ሶፍትዌር ስትመርጡ «ከንፈር በራሱ ያዛምዳል ወይ?» አትበሉ። «የአፍ ስዕሎችን በአንድ ጠቅታ መቀያየር ይቻላል ወይ?» በሉ።

ስለ ፊትም አንድ ነገር። ጀማሪ ጭንቅላት ማዞር ይወዳል፤ ከትአውት ላይ ደግሞ ከባዱ እሱ ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ነው የሚሳለው፤ በጎን የሚታየው ክፉው ነው። ለመጀመሪያ ሥራችሁ ደጋግ ሰዎችን ብቻ ተጠቀሙ። ትልልቅ ዓይን ያለው፣ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው ብሌኑ ብቻ ቢንቀሳቀስ ብዙ ያወራል።

እንግዲህ አሥር ሰከንድ ሥሩ። ነጠላ የለበሰች እናት «ቡና ጠጡ» ትበል፤ አጠገቧ ያለው ሰውዬ ትከሻውን ይምታ። ያንኑ ስዕል ሲንፊግ ላይም ኦፕንቱንዝ ላይም ሞክሩት፤ ያልተናደዳችሁበትን ያዙ። ስታወጡት 1920 በ1080 ይሁን፤ ለቴሌቪዥን ካሰባችሁት በሰከንድ 25 ፍሬም አድርጉት። ይህን ቁጥር ገና ፕሮጀክቱን ስትከፍቱ ነው የምትሞሉት። መጨረሻ ላይ ከቀየራችሁት ከንፈሩ ከድምፁ ይለያያል።