የሆም ረን ክብረ ወሰን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በአሜሪካ ቤዝቦል በተጫዋችነት ዘመኑ ብዙ ሆም ረን የመታው ማን ነው?

መልስ፦ ባሪ ቦንድስ ነው፤ በ2007 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሲያበቃ 762 አስመዝግቦ ነበር። ሀንክ አሮን በ755፣ ቤብ ሩት በ714፣ አልበርት ፑሆልስ በ703 ይከተሉታል። 700ን ያለፉት እነዚህ አራቱ ብቻ ናቸው። ለጨዋታው አዲስ ለሆኑ፣ ሆም ረን አብዛኛውን ጊዜ መቺው ኳሷን መሬት ሳትነካ ከአጥሩ ውጭ አሻግሮ በሜዳው ላይ ያሉትን ማረፊያዎች (ቤዞች) ሁሉ ሲዞር የሚቆጠር ነው።

ጥያቄ፦ አሮን በአንድ የውድድር ዘመን 50 መትቶ አያውቅም ይባላል። ታዲያ ሩትን እንዴት በለጠው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከፍተኛው በ1971 የመታው 47 ነው። የአሮን ጉልበት ያለማቋረጡ ነበር፤ ከ1955 እስከ 1974 ለ20 ተከታታይ የውድድር ዘመናት በየዓመቱ ከ20 ያላነሰ መትቷል። ሆም ረኖቹ በሙሉ ቢቀነሱለት እንኳ ከ3,000 በላይ የተሳኩ ምቶች ይቀሩታል፤ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ።

የ1973ን ውድድር በ713 ስለጨረሰ እስከ ቀጣዩ ዓመት ውድድር የቆየው ከሩት አንድ ብቻ አንሶ ነው። አንድ ጥቁር ሰው የሩትን ክብረ ወሰን ሊሰብር መቃረቡ ያስቆጣቸው ሰዎች በስድብና በግድያ ዛቻ የተሞሉ ደብዳቤዎች ያጎርፉለት ስለነበር በጠባቂ ታጅቦ ለመንቀሳቀስ ተገደደ። ሚያዝያ 8 ቀን 1974 አትላንታ ላይ፣ በአራተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር)፣ የተጋጣሚው የዶጀርስ ቡድን ወርዋሪ አል ዳውኒንግ የወረወረውን ኳስ ከግራው አጥር ማዶ ሰደደና 715ኛውን አስቆጠረ። ቤዞቹን እየዞረ ሳለ ሁለት ወጣቶች ከተመልካች መካከል ዘለው ወደ እሱ ሮጡ። ያን ሁሉ ዛቻ ለሚያውቅ ሰው አስደንጋጭ ቅጽበት ነበር፤ እነሱ ግን ጀርባውን መታ መታ አድርገው ሄዱ፤ ከዚያም እናቱ ሜዳ ገብተው አጥብቀው አቀፉት።

ጥያቄ፦ ቦንድስ በአበረታች ንጥረ ነገር ተጠርጥሮ ሳለ ክብረ ወሰኑ ለምን አልተሰረዘም?

መልስ፦ ሊጉ በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት ቀጥቶት ስለማያውቅ ነው። በ2011 የፍትሕን ሂደት በማደናቀፍ ጥፋተኛ ቢባልም በ2015 ውሳኔው በይግባኝ ተሽሯል። ታላላቅ ተጫዋቾች የሚዘከሩበት የቤዝቦል የዝና አዳራሽ መራጮች ግን በተሰጠው የ10 ዓመት ዕድል ውስጥ አላስገቡትም፤ በመጨረሻው ዓመት፣ በ2022፣ ያገኘው 66 በመቶ ሲሆን የሚያስፈልገው 75 ነበር። በእኔ እምነት ቁጥሩ መሰረዝ የለበትም፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሆም ረን የአንድን ጨዋታ ውጤት ወስኗል፣ በአንድ ወርዋሪ ስምም ተመዝግቧል፤ ከመካከል መዝዞ ማውጣት አይቻልም። አክብሮቴ ግን ለአሮን ያደላል።

ጥያቄ፦ በጃፓን 868 የመታ ተጫዋች እያለ 762 እንዴት ክብረ ወሰን ይባላል?

መልስ፦ እያንዳንዱ ሊግ የራሱን መዝገብ ስለሚይዝ ነው። ሳዳሃሩ ኦ ከ1959 እስከ 1980 ለዮሚዩሪ ጃያንትስ ተጫውቶ 868 መትቷል፤ በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ከዚህ የሚበልጥ የለም። ግራኝ ነበር፤ ኳሷ ስትመጣ ቀኝ እግሩን ከፍ አድርጎ በአንድ እግሩ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ተቺዎች የዘመኑን የጃፓን ሜዳዎች ጠባብነት ያነሳሉ፤ ሆኖም እዚያው ጠባብ ሜዳ ላይ የተጫወቱት ሌሎች አልደረሱበትም።

ጥያቄ፦ ጆሽ ጊብሰን 800 ገደማ መትቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ለምን ከዝርዝሩ አናት ላይ የለም?

መልስ፦ ጊብሰን ጥቁሮች ወደ ትልቁ ሊግ እንዳይገቡ በተከለከሉበት ዘመን በጥቁሮች ሊግ የተጫወተ ነው። 800 ገደማ የሚለው ከሊጉ ውጭ የተደረጉትንም ጨዋታዎች ይጨምራል፤ የሊጉ ይፋዊ ጨዋታዎች ጥቂት ስለነበሩ በመዝገብ ያለው ከ200 በታች ነው። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን ክልከላውን ሰብሮ ከመጫወቱ 3 ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በጥር 1947፣ ጊብሰን በ35 ዓመቱ አረፈ። በ2024 የጥቁሮች ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲቀላቀል ግን የምት አማካዩ (የተሳኩ ምቶቹ ለመምታት ከሞከረባቸው ተራዎች ያላቸው ድርሻ) 0.372 ሆኖ የቀድሞውን ባለክብረ ወሰን ታይ ኮብን በልጧል፤ ዛሬ በዚህ ዘርፍ ከሁሉም በላይ የተጻፈው የጊብሰን ስም ነው።