ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ለምትገቡ የኮዬ ፈጬና የቱሉ ዲምቱ ልጆች

ልጆቼ፣

ሚኒስትሪን አልፋችሁ እዚህ ስለደረሳችሁ እንኳን ደስ አላችሁ። ዩኒፎርሙ ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው፤ ደብተሩም ይገዛል። ወላጆቻችሁ የሚጨነቁት ስለ ሒሳብና ስለ ፊዚክስ ነው። እናንተ ግን ደረጃው ላይ ተቀምጣችሁ ስታወሩ እንደምሰማው ጭንቃችሁ ሌላ ነው። ከማን ጋር እቀመጣለሁ? በእረፍት ሰዓት የት እቆማለሁ? ሙድ ቢይዙብኝስ? ይህን ለእናት ለአባት መናገር ደግሞ ያሳፍራል፤ «ለትምህርት ነው የላክንህ ወይስ ለወሬ?» መባል አለና።

እኔ የሕንፃ መሐንዲስ እንጂ የሥነ ልቦና ሰው አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሰው የሚኖርበትን ቤት በመሥራት ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግንባታም ስቆጣጠር ኖሬአለሁ። ስለ ጓደኝነት የማምንበትን አንድ ነገር ያገኘሁትም ከዚሁ ከሙያዬ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለትዳር ለሆኑ ተማሪዎቹ መኖሪያ ሰጠ። ከሕንፃዎቹ ብዙዎቹ ባለ ሁለት ወለል ሆነው በየወለሉ አምስት አምስት ቤት ነበራቸው። ፌስቲንገር፣ ሻክተርና ባክ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ነዋሪዎቹን «ከማን ጋር ትቀራረባላችሁ?» እያሉ ጠየቁና ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተሙ። ሰዎቹ ጎረቤታቸውን መርጠው አልነበረም የገቡት፤ የደረሳቸውን ቤት ነው የያዙት። ሆኖም በአንድ ወለል ላይ ጎን ለጎን ከሚኖሩት ከመቶ 41 ያህሉ ጎረቤታቸውን ወዳጃችን ብለው ጠሩ። በዚያው ወለል በሁለቱ ጫፍ ከሚኖሩት ግን እንዲህ ያሉት ከመቶ 10 ያህሉ ብቻ ናቸው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት እኮ 30 ሜትር አይሞላም! እኔን ይበልጥ የገረመኝ የደረጃው ነገር ነው። ምድር ቤት ደረጃው ሥር የሚኖሩት ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር ከሌሎቹ የምድር ቤት ነዋሪዎች የበለጠ ወዳጅነት ነበራቸው። ጨዋታ አዋቂ ስለሆኑ አይደለም፤ ወጪ ወራጁ በደጃቸው ስለሚያልፍ ነው።

የራሳችንን ብሎክ እዩ። ውኃ በጠፋ ቁጥር ጀሪካን ተሸክመው አራተኛ ፎቅ የሚወጡት ልጆች ዛሬ እንደ ወንድምና እህት ናቸው። ማንም ተግባቢ ሁኑ ብሎ አልመከራቸውም። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ለመሰብሰብ ሲቆሙ አንዱ ሌላውን ያገኛል፤ ያው እሱ ነው።

ጓደኛ የሚያፈራው ወሬ የሚያሳምረው ሳይሆን እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሰዓት፣ ደጋግሞ የሚገኘው ነው። የምለው ይህንኑ ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

አብዛኞቻችሁ ተወልዳችሁ ያደጋችሁት እዚህ አይደለም። ከፒያሳ፣ ከልደታ፣ ከቂርቆስ፣ ወይ ቤታችሁ ፈርሶ ወይ ዕጣ ወጥቶላችሁ መጣችሁ። እዚያ የቀበሌ ቤት ግቢው አንድ ነበር፤ ቧንቧውም ሽንት ቤቱም የጋራ። ጓደኛ ፈልጋችሁ አታውቁም፤ ዳዴ ስትሉ ግቢው ውስጥ ይጠብቃችሁ ነበር። እዚህ በር ይዘጋል። (ለልጆች መጫወቻ ተብሎ በንድፉ የተተወው ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ መቅረቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ካነሳሁ ደብዳቤው አያልቅም።) ስለዚህ «እኔ እኮ ጓደኛ መያዝ አልችልበትም» የምትለው ልጅ፣ ሠርተኸው የማታውቀውን ሥራ ገና ልትጀምር ነው እንጂ ሞክረህ ያቃተህ ነገር የለም። አንቺም እንደዚሁ። የድሮ ሰፈር ጓደኞቻችሁን በቴሌግራም ማግኘቱ ደግ ነው፣ አትተዋቸው። ነገር ግን በእረፍት ሰዓት ስልክ ላይ አጎንብሶ ከፒያሳ ልጅ ጋር ሲጻጻፍ የሚውል ተማሪ አጠገቡ የቆመውን ልጅ አያየውም፤ ያኛውም ሥራ ላይ ነው ብሎ ያልፈዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መንገዱን ምረጡ። ከእናንተ ሳይት በእግሩ የሚሄድ የክፍል ልጅ ካለ ጠዋት የሚወጣበትን ሰዓት እወቁና በዚያ ሰዓት ውጡ። በታክሲ የምትሄዱ ከሆነ ሰልፉ አለላችሁ፤ ከታክሲ ሰልፍ የበለጠ ሰው ያለ ሥራ ጎን ለጎን የሚቆምበት ቦታ አላውቅም። «የትላንቱን አሳይንመንት ሠራሽ?» ይበቃል። ለመጀመሪያው ሳምንት ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ጥናቱ፣ እንዲሁ የሚተዋወቁ ሰዎች ቀለል ወዳለ ጓደኝነት ለመድረስ 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባባል 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ አብረው ማሳለፍ እንደሚኖርባቸው ገምቷል። ያጠናቸው አዋቂዎችንና ዩኒቨርሲቲ የገቡ አዲስ ተማሪዎችን ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። ግን ሒሳቡን እንሥራው። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት አብራችሁ ብትጓዙ በሳምንት አምስት ሰዓት ነው። 50 ሰዓቱ የሚሞላው በአሥረኛው ሳምንት፣ ኅዳር ሲያልቅ ነው። 200ው ደግሞ ከመስከረም ተነስቶ ሰኔ ይደርሳል። ስለዚህ በጥቅምት «እስካሁን አንድም የልብ ጓደኛ የለኝም» ብሎ የሚያዝን ልጅ ካለ፣ ገና ሰዓቱ አልሞላም።

አሁን ወደ ዓይን አፋሮቹ ልምጣ። እኛ ቤት ጨዋ ልጅ የሚባለው እንግዳ ሲመጣ ሰላም ብሎ፣ እጅ አስታጥቦ ወደ ጓዳ የሚገባው ነው። በዚያ ማደጋችሁ አያስቆጨኝም፤ አክብሮቱን ያዙት። ግን አሥራ አራት ዓመት ዝም በል ተብሎ ያደገን ልጅ በአንድ ቀን አርባና ሃምሳ የማያውቃቸው እኩዮቹ መሐል አስገብቶ ተጫወት ማለት ይከብዳል። ድምፅም ልምምድ ይፈልጋል። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሮ ፌርማታውን ያለፈና በእግሩ የተመለሰ ልጅ አውቃለሁ፤ ከመካከላችሁም ስንት እንደሆናችሁ እናንተ ታውቃላችሁ። ልምምዱን ከዚያ ጀምሩት። የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡና ረዳቱ ሳይጠይቅ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ፣ ሙዚቃውን በሚያልፍ ድምፅ «ወራጅ አለ!» በሉ። ማንም ዞሮ አያያችሁም። ቀጥሎ ባለሱቁን ዋጋ ጠይቁት፤ ከዚያ የብሎኩን ጥበቃ እንዴት አደሩ በሉ። ከዚያ ክፍል ውስጥ በሳምንት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የምታውቁትም ቢሆን። ድፍረት እስኪመጣ ድረስ የሚጠብቅ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል።

«ሁሉም እኔን ያያል» የሚለውንም ነገር ላንሳው። ጫማዬ ሰልባጅ ነው፣ ብጉር ወጥቶብኛል፣ ድምፄ ተሰባበረ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን ፋራ የሚያሰኝ ቲሸርት አለበሷቸው፤ በጊዜው ወጣቶች የሚያፍሩበት የዘፋኙ የባሪ ማኒሎው ምስል ያለበት ነው። ከዚያ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል አስገቧቸውና «ስንቱ ያየባችሁ ይመስላችኋል?» አሏቸው። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ አዩብን ብለው ገመቱ። ልብ ያለው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። የቀረው ምን ያስብ ነበር? ስለ ራሱ ቲሸርት ይሆናል።

ምሳ ሰዓት ላይ ግን ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው።

እኛ አገር ተማሪ ብቻውን አይበላም። ምሳ ዕቃው ይከፈታል፣ ይደረደራል፣ ሁሉም ከሁሉም ይቆርሳል። ዓይን አፋሩ ልጅ ግን የራሱን ይዞ ጥግ ይሄዳል። ምክንያቱን ስትጠይቁት «ሽሮ ነው የያዝኩት» ይላል። ልጄ፣ ከመደዳው ምሳ ዕቃ ስንቱ ሽሮ ይመስልሃል? ደግሞ አስተውል። ሥጋ የመጣ ቀን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ምሳ ዕቃ ይለያል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመውና የማይጾመው ይለያያል። ሽሮ ግን ከሁሉም ጋር ይቀመጣል፤ ሽሮ የያዘ ልጅ የትኛውም ክብ ውስጥ እጁን መስደድ ይችላል። እናትህ አስባበትም ይሁን ኑሮ አስገድዷት፣ ያስያዘችህ መግቢያ ነው።

ባዶ እጃችሁን የምትመጡበት ቀንም አለ፤ ኑሮው ይታወቃል። ያን ቀን ላይብረሪ ገብታችሁ አትደበቁ። ክቡ አጠገብ ሁኑ፤ «እንብላ» መባሉ አይቀርም። አንዴ «በልቻለሁ» በሉ፣ ወጉ ነው፤ ሲደገም ተቀመጡ። እጅ ማስታጠቢያ ውኃ በላስቲክ ኮዳ ሞልቶ የሚመጣ ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን መጣ አይባልም። ገንዘብ ያላችሁም እርጥብና ፓስቲ በመግዛት ብቻ ሰው አትሰብስቡ፤ ገንዘቡ ያለቀ ቀን ማን እንደቀረ ትቆጥራላችሁ፣ ቁጥሩም ያስከፋችኋል።

ክበብ ግቡ። ሚኒ ሚዲያ ሲባል ማይክ የሚይዘው ብቻ ይመስላችኋል፤ ስፒከሩን የሚያቆም፣ ገመዱን የሚዘረጋ፣ የሰልፉን ሰዓት የሚያስታውስ ልጅ ያስፈልጋል። ዝምተኛ ልጅ እጁ ሥራ ከያዘ አፉም ይፈታል። ቀይ መስቀልም ሆነ አካባቢ ጥበቃ፣ ዋናው በየሳምንቱ የሚሰበሰብ መሆኑ ነው። በዓመት አንዴ ባነር ይዞ ፎቶ የሚነሳ ክበብ ለዚህ አይጠቅማችሁም።

ከዙሪያው የገበሬ መንደር የሚመጡ የክፍል ልጆችም ይኖሯችኋል። ብሎካችን የቆመበት መሬት ከጥቂት ዓመታት በፊት ስንዴና ጤፍ የሚበቅልበት ማሳ ነበር፤ እዚህ እንግዶቹ እኛ ነን። አማርኛቸው ላይ የሚስቅ ልጅ ካያችሁ አብራችሁ አትሳቁ። ይልቅ «አካም ጅርታ» ብላችሁ ጀምሩ፤ ስትሳሳቱ ይስቁባችሁ፣ ያርሟችሁ። አፋን ኦሮሞ በትምህርትነት የምትወስዱ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ አስጠኚ የት ታገኛላችሁ?

ስለ መጥፎ ጓደኛ ብዙ ተነግሯችኋል፤ ጫቱንም ሺሻውንም ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው አንድ ምልክት ነው። የሌለን ልጅ እያነሳ የሚያስቃችሁ ቡድን፣ እናንተ ሽንት ቤት ስትሄዱ ስለ እናንተ ይስቃል።

ወላጆችም ይህን ያነቡ ይሆናል። ፍርሃታችሁ ይገባኛል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ «ጓደኛ ምን ያደርግልሃል፣ አጥና» የማይል ቤት የለም። ግን ያ ፈተና ልጁ ከቤት ወጥቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ዶርም አድሮ የሚፈተነው ሊሆን ይችላል። አልጋውን ማን እንደሚያሳየው መጠየቅ የሚያፍር ልጅ ሌሊቱን ሳይተኛ ነው ፈተናው ላይ የሚቀመጠው። ልጃችሁ ግን ከማፈር አልፎ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ በየጠዋቱ ሆዱን የሚያመው ከሆነ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ይህ በምክር ደብዳቤ የሚፈታ አይደለምና ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የቀረኝ ለአሥረኛ ክፍሎች ነው። እናንተ ቦታችሁን ይዛችኋል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ቧንቧው የቱ ጋ እንደሆነ፣ የትኛው መምህር ሲያረፍዱበት እንደሚቆጣ ታውቃላችሁ። መስከረም ላይ በር ላይ ቆማ ክፍሉን የምትፈልግ ልጅ ስታዩ «ምን ፈልገሽ ነው?» ከማለት «የስንት ክፍል ነሽ? ነይ ላሳይሽ» በሏት። ዴስኩ ለሦስት የተሠራ ከሆነና ሁለት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ ቦርሳችሁን ከመሐል አንሱ። ስሟን ጠይቁ፤ በማግስቱ ደግሞ በስሟ ጥሯት። ስም የሚጠፋበት ሰው ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጻፈው፤ እኔ የሠራተኞቼን ስም የምይዘው እንደዚያ ነበር።

ሦስተኛ ፎቅ ያለው ጎረቤታችሁ