«ሹመቱ መጽደቁ ላይቀር መቃወሙ ምን ይጠቅማል?» ላልከው

መጽደቁ ላይቀር ያልከው ላይ አልስማማም። ፕሬዚዳንቱ ያጩትን ሰው የሚያጸድቀው የአሜሪካ ሴኔት ድምፅ እስኪሰጥ ያለቀ ነገር የለም። ያልወሰኑ ሴናተሮች ብዙ ጊዜ አሉ፤ ተቃውሞው ሲቀጥል እነሱ ማሰብ ይጀምራሉ።

ዳኛው ሮበርት ቦርክን እይ። ፕሬዚዳንት ሬገን ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጯቸው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1987 ነው። ተቃውሞው የዚያኑ ዕለት ተጀመረ። እጩዎችን የሚጠይቀው የሴኔቱ ኮሚቴ ፊት የቀረቡት ግን ሴፕቴምበር 15 ነው። ነገሩን የለወጠው ያ ሁለት ወር ተኩል ነው! ሰዉ ቦርክ ቀደም ሲል የጻፉትን አገላብጦ አነበበ። የሲቪል መብት ድርጅቶች ዝም አላሉም። የደቡብ ግዛት ሴናተሮች የጥቁር መራጮቻቸውን ድምፅ ማሰብ ነበረባቸው። ቦርክም ለቀናት ሲጠየቁ አቋማቸውን በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ኦክቶበር 23 ላይ 58 ለ 42 ወደቁ።

ወንበሩ በኋላ ለዳኛ አንተኒ ኬኔዲ ሆነ፤ 97 ለ 0 ጸደቁ። እስከ 2018 እዚያው ቆዩ። ሰላሳ ዓመት ማለት እኮ ነው።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ልንገርህ። እኔ አንዴ ለሴናተሬ ቢሮ የደወልኩት የመጨረሻው ድምፅ በሚሰጥበት ቀን ጠዋት ነበር። የድምፅ መልእክት መቀበያው ሞልቷል። አንተ ኮሚቴው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ደውል። ዚፕ ኮድህን ንገራቸው፣ አንድ ምክንያት ብቻ አንሳ።